«አስፈላጊው ማስተካከያ ተደርጓል»፦ በማን? መቼ? ምን ቀረ?

ማታ 2 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ቦሌ ለሚ አካባቢ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ፈረቃ ሊቀየር ነው እንበል። የቀኗ ሱፐርቫይዘር ሰርቪሱ እንዳያመልጣት ቦርሳዋን አንጠልጥላለች፤ የማታዋ ጋዋኗን እየለበሰች ነው። ርክክቡ በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ያልቃል፦ «ላይን 3 ላይ መጠነኛ ችግር አጋጥሞ ነበር። አስፈላጊው ማስተካከያ ተደርጓል። ሌላው ሰላም ነው።»

ንግግሩ ጨዋ ነው፤ አጭር ነው፤ ሐሰትም የለበትም። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ግን ላይን 3 ይቆማል። ለምን እንደቆመ የምታውቀው ሰው በዚያ ሰዓት ቤቷ ተኝታለች።

ቀን የሆነውን እንየው። 8 ሰዓት ተኩል ላይ የኳሊቲ ሠራተኛዋ እጅጌ ላይ የዘለለ ስፌት አየች። ማሽኑ እስኪቆም 14 ሸሚዝ ተመለሰ። መካኒኩ መርፌውን ሲቀይር ስፌቱ ተስተካከለ። ነገር ግን ቁጥር 16 መርፌ ከመጋዘን አልቆ ስለነበር ያስገባው ቁጥር 14ን፣ ቀጭኑን ነው። ቀን ላይ ሲሰፋ ለነበረው ስስ ጨርቅ ይበቃል፤ ማታ ወፍራሙ ጨርቅ ሲገባ ግን መርፌው ይጣመማል፣ ስፌት ይዘላል፣ ሲብስም ይሰበራል። መካኒኩ ይህን ለቀኗ ሱፐርቫይዘር ነግሯታል። እሷም ሰምታለች። «አስፈላጊው ማስተካከያ ተደርጓል» በሚለው ሐረግ ውስጥ ግን መርፌው፣ መጋዘኑና ወፍራሙ ጨርቅ ሦስቱም ጠፉ።

ያው ርክክብ እንዲህ ሊነገር ይችል ነበር፦ «ላይን 3፣ እጅጌ መስፊያው፣ ከ8 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ስፌት ዘሎ 14 ሸሚዝ ተመልሶብናል። መካኒኩ መርፌ ሲቀይር መዝለሉ ቆመ። ግን 16 ቁጥር አልቆ 14 ነው ያስገባው። ወፍራሙ ጨርቅ ሲመጣ ይሰበራል ብሏል። ጨርቁ ከመግባቱ በፊት ከላይን 5 አንድ 16 ቁጥር አስመጪ።» ቢበዛ ግማሽ ደቂቃ ይወስዳል። በውስጡ ቦታ አለ፤ ጊዜ አለ፤ አድራጊ አለ፤ «ግን» አለ፤ ገና ያልደረሰ አደጋ አለ፤ አድማጯ እንድትፈጽመው የተጠየቀችው ነገርም አለ። በሥራ ቦታ ታሪክ መንገር ማለት ይኸው ነው።

ሥልጠናው ወደ መድረክ፣ ችግሩ ወደ ርክክቡ

«ስቶሪቴሊንግ» (ታሪክ መንገር) የሚባለው ሥልጠና በከተማችን የአጫጭር ኮርሶች ዝርዝር ውስጥ ቦታ አግኝቷል። አብዛኛው ትኩረት ግን መድረክ ላይ ነው፦ እንዴት ንግግር ይከፈታል፣ እንዴት ተሰብሳቢ ይማረካል፣ እንዴት ምርት ይተዋወቃል። ለገበያ ባለሙያ ይጠቅማል። በእኔ እምነት ግን ጥበቡ ይበልጥ የሚያስፈልገው ከመሐል ከተማው አዳራሽ ወጣ ብሎ፣ በከተማዋ ዳርቻ ባሉት የፋብሪካ ሼዶች፣ መጋዘኖችና የግንባታ ሳይቶች ውስጥ ነው።

ዳርቻው በአጭር ጊዜ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2014 ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ተከፈተ። በ2016 የጅቡቲው ባቡር በፉሪ ለቡ ጣቢያ ተመረቀ። ቂሊንጦ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቃሊቲ፣ ገላን፣ ዱከም የሰው፣ የዕቃና የማሽን መተላለፊያ ሆኑ። እንዲህ ባለ ቦታ ሥራ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ከቆራጭ ወደ ሰፊ፣ ከቀን ፈረቃ ወደ ማታ፣ ከሹፌር ወደ መጋዘን ጠባቂ፣ ከፎርማን ወደ መሐንዲስ። በእያንዳንዱ ቅብብል ላይ አንድ ሰው ለሌላው የሆነውን መንገር አለበት። ሠራተኛው ደግሞ ከየአገሩ ተሰባስቦ የመጣ ነው፤ ለብዙው አማርኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ነው። «የእርምት እርምጃ» የሚለው ሐረግ ላይገባው ይችላል፤ «መርፌው ቀጭን ነው» ግን ይገባዋል።

የትርፍ ህዳጉም ጠቧል። ኢትዮጵያ ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል ከወጣች ወዲህ ወደ አሜሪካ የሚልኩ የልብስ ፋብሪካዎች ላይ ቀረጥ ተጨመረ። ትርፉ ስስ በሆነበት ቤት የተመለሰ ልብስና የቆመ ማሽን የሚያደርሱት ጉዳት ከቀድሞው ይበልጣል።

«ተረት አታውራ»

ቃሉ ራሱ እንቅፋት አለበት። በአማርኛ «ተረት አታውራ» ማለት አትዋሽ፣ ጊዜ አታባክን ማለት ነው። «ወሬኛ» ስድብ ነው። ስለዚህ አንድ የፈረቃ ኃላፊ «ሪፖርትህን እንደ ታሪክ ንገረው» ሲባል ማስዋብና ማጋነን የተጠየቀ ይመስለዋል። የተጠየቀው ግን ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ይህ ነበረ፤ ቀጥሎ ይህ ተለወጠ፤ በዚህ ምክንያት ይህ ሆነ፤ አሁን እዚህ ደርሰናል። የሰው አእምሮ ነገር የሚይዘው በዚህ መልክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 ጎርደን ባወርና ማይክል ክላርክ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን በቀላል ሙከራ አሳይተዋል። ለተማሪዎች እያንዳንዳቸው 10 ቃላት ያሏቸውን 12 ዝርዝሮች ሰጡ። አንዱ ቡድን የእያንዳንዱን ዝርዝር ቃላት በአንድ አጭር ታሪክ እንዲያያይዝ ተነገረው፤ ሌላው ያን ያህል ጊዜ ተሰጥቶት እንደፈለገ እንዲያጠና ተተወ። በመጨረሻ ሁሉንም ቃላት ሲጠየቁ ታሪክ የሠሩት 93 በመቶውን፣ ሌሎቹ 13 በመቶውን አስታወሱ። ቃላቱ አንድ ናቸው፤ ጊዜውም አንድ ነው። ልዩነቱ ማሰሪያው ላይ ነው።

ለርክክብ ከዚህም የቀረበ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በአሜሪካና በካናዳ ባሉ 9 የሕፃናት ሆስፒታሎች፣ 10,740 የታካሚ ቅበላዎችን ባካተተ ክትትል፣ ሐኪሞች ፈረቃ ሲቀያየሩ መረጃ የሚተላለፍበትን መንገድ ወጥ ማድረግ ምን እንዳመጣ መረመረ። የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ፣ ልንከላከለው እንችል የነበረ ጉዳት በ30 በመቶ ቀነሰ። የቃል ርክክቡ ግን አልረዘመም፤ ለአንድ ታካሚ ቀድሞ 2.4 ደቂቃ ይወስድ የነበረው 2.5 ሆነ። ሥርዓቱ አምስት ነገር ይጠይቃል፦ ታካሚው ምን ያህል ከባድ ሁኔታ ላይ ነው፣ ታሪኩ ባጭሩ ምንድን ነው፣ ምን ይደረግለት፣ ሌሊት ይህ ቢከሰት ምን ይሁን፣ በመጨረሻም ተቀባዩ የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ ይንገር። አራተኛውና አምስተኛው ለእኛ ፋብሪካዎች ወርቅ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለሉትም እነሱው ናቸው።

አጥንቱ

ለሥራ የሚሆን ታሪክ አምስት መገጣጠሚያ አለው። የመጀመሪያው መነሻው ነው፤ የትኛው ቦታ፣ የትኛው ማሽን፣ ስንት ሰዓት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ቀጥሎ መታጠፊያው ይመጣል፤ የተለመደው የተሰበረበት ቅጽበት ማለት ነው። ከዚያ ማን ምን አደረገ። ከዚያ ምን ተረፈ፣ ያልተፈታው ምንድን ነው። በመጨረሻ ጥያቄው፤ አድማጩ ምን እንዲያደርግ፣ እስከ መቼ።

ከአምስቱ ሁሉ ከባዱ መታጠፊያው ነው። መታጠፊያ የሌለው ሪፖርት ዝርዝር ብቻ ይሆናል፦ «ጠዋት ተሠራ፣ ከሰዓት ተሠራ፣ 600 ወጣ»። አድማጭ የቱ ላይ ጆሮውን ይጣል? መታጠፊያውን ለማግኘት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «እስከ ስንት ሰዓት ድረስ ሁሉም ነገር እንደ ትናንቱ ነበር?» መልሱ «እስከ 8 ሰዓት ተኩል» ከሆነ ታሪኩ ከዚያ ይጀምራል። ከ8 ሰዓት ተኩል በፊት ያለው በአንድ ሐረግ ያልፋል።

እዚህ ላይ ከባህላችን ጋር የሚጋጭ ነገር አለ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ተብለን አድገናል። ሽማግሌ ፊት ሲቀመጡ ጉዳይን ከሥሩ ማንሳት ተገቢ ነው፤ ጊዜ አለ፣ የሁለቱም ወገን ቃል ይመዘናል። የርክክብ አድማጭ ግን ቆሞ ነው የሚሰማው። ከሥሩ የጀመረ ሰው «ባለፈው ሳምንት መርፌ ጠይቀን ነበር፣ የግዢ ክፍሉ ደግሞ...» ሲል ሰርቪሱ ክላክስ ያደርጋል፤ ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ በችኮላ ጊዜ መጀመሪያ የሚነገረው አሁን ያለው አደጋ ነው፤ «ላይን 3 ማታ ሊቆም ይችላል»። ሥሩ ቀጥሎ ይመጣል። ችግሩ ለምን በየሳምንቱ እንደሚደጋገም በሚመረመርበት ስብሰባ ግን አባባሉ ልክ ነው፤ እዚያ ከሥሩ ይጀመር። ብዙ ሰው ሁለቱን ሥፍራዎች ያደባልቃል፤ በርክክብ ላይ ሥር ይቆፍራል፣ በምርመራው ስብሰባ ላይ ደግሞ «ተስተካክሏል» ብሎ ያልፋል።

የቢሮ አማርኛ የሚውጠው

አሁን ይህን እንይ፦ «በላይን 3 የተከሰተውን የጥራት ጉድለት ከመቅረፍ አንጻር ከሚመለከታቸው አካላት ጋር በመነጋገር አስፈላጊው የእርምት እርምጃ እንዲወሰድ በማድረግ ረገድ አበረታች ሥራ ተሠርቷል።» እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በየወሩ ሪፖርት ውስጥ ሞልቷል። ስንት ሰው እንደተሳተፈበት አይታወቅም። ማሰሪያ አንቀጹ «ተሠርቷል» ነው፤ ሠሪ የለውም። አድማጩ እስከ መጨረሻዋ ቃል ጠብቆ ያገኘው ይህን ብቻ ነው።

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ይህ ለተራኪ ትልቅ ኃይል ነው፤ አድማጭን አንጠልጥሎ ያቆየዋል። ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ግን ኃይሉ ሸክም ይሆናል፤ ሰሚው የተከመሩትን ሐረጎች ሁሉ በጭንቅላቱ ተሸክሞ ግሥ ይጠብቃል። ለሚነገር ሪፖርት ከ12 እስከ 15 ቃል ላይ ግሥ ማሳረፍ ጥሩ ልክ ነው። «ከ... አንጻር»፣ «በ... ረገድ»፣ «ከ... አኳያ» የሚሉት እያንዳንዳቸው አንድ ግሥ አፍነው ይይዛሉ። «ከመቅረፍ አንጻር» ውስጥ «ቀረፈ» የሚል ተግባር ተቀብሯል። አውጥቶ «ማን ቀረፈ?» ማለት ነው።

ግሣችን ሌላም ስጦታ አለው፤ አድራጊውን በራሱ ይሸከማል። ቀየረ፣ ቀየረች፣ ቀየሩ፣ ቀየርን፤ በአንዲት ቃል ማን እንደሆነ ታወቀ። «ተቀየረ» ስንል ያንን በነፃ የተሰጠንን መረጃ እንጥለዋለን። ሌላው መሣሪያ «አይታ፣ ማሽኑን አቁማ፣ መካኒኩን ጠርታ፣ መዝግባ ሄደች» የሚለው ቅጥልጥል ነው። ቅደም ተከተሉ በቃሉ ውስጥ ስላለ «ከዚያም፣ ከዚያም» ማለት አያስፈልግም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከሦስት ወይም ከአራት ሲያልፍ ነው፤ ሰንሰለቱ ይረዝምና መታጠፊያውን ይውጠዋል። «መርፌውን ቀይሮ፣ ማሽኑን አስነስቶ፣ ቀጭን መርፌ አስገብቶ ሄደ» በሚለው ውስጥ አደጋው ከተራው ሥራ ጋር አብሮ ተሰልፎ ያልፋል። መታጠፊያው ላይ ሲደረስ ዓረፍተ ነገሩን ዘግቶ፣ አዲሱን በ«ግን» መክፈት ነው።

ስለ ቅኔም አንድ ነገር ይባል። ሰምና ወርቅ የምንወድ ሕዝብ ነን፤ ለአለቃ መጥፎ ወሬ ስናቀርብ ደግሞ ሰሙን አብዝተን ወርቁን እንደብቃለን። «መርፌ ነገር ትንሽ አጠር ብሎን ነበር» ብሎ ዝም። አለቃው ወርቁን ይፈልቅቃል ብሎ መጠበቅ በማኅበር ቤት ያምራል፤ ማሽን በቆመበት ሰዓት ግን ይጎዳል። መርዶ እንኳ በባህላችን በጥንቃቄ፣ በሽማግሌ፣ ሰዓት ተመርጦ ይነገራል እንጂ ሳይነገር አይታለፍም።

ሰዓቱ የማን ነው?

የውጭ አገር ሥራ አስኪያጅ ባለበት ፋብሪካ ታሪክን ከሚያበላሹት ነገሮች መካከል በጣም ተራው ሰዓት ነው። «3 ሰዓት ላይ ቆመ» ብሎ የተጻፈው ለእኛ ጠዋት ነው፤ ለእሱ 9 ሰዓት መሆን የነበረበት ነገር ከሌሊቱ 3 ወይም ከቀትር በኋላ 3 ሆኖ ይነበባል። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ጥፋቱን ወደማይመለከተው ፈረቃ ያዞረዋል። ቀኑም እንደዚሁ ነው፤ ዓመቱ በሰባት ወይም በስምንት ይለያያል፣ የወሩ መባቻም አይገጥምም። መፍትሔው በፎርሙ ራስ ላይ የትኛው ሰዓትና የትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ አንዴ ማተም፣ በቃል ሲነገር ደግሞ ሰዓቱን ከድርጊት ጋር ማሰር ነው፦ «3 ሰዓት ላይ፣ ፈረቃው ከገባ ሁለት ሰዓት በኋላ»።

አስተርጓሚ መሐል ካለ ዓረፍተ ነገሩ ይጠር፤ በአንድ ትንፋሽ አንድ ድርጊት። ምሳሌያዊ አነጋገር ይቅር። አስተርጓሚው ሊተረጉመው የማይችለውን «እግዜር አትርፎን ነው» ሲሰማ አደጋው ቀላል ነበር ብሎ ሊያስተላልፈው ይችላል።

ገንዘብ ሲጠየቅ

ርክክብ የታሪኩ ትንሹ መልክ ነው። ትልቁ የሚመጣው ሰው ሐሳቡን እንዲለውጥ ወይም በጀት እንዲፈቅድ ሲጠየቅ ነው። እዚህ ላይ የሚጠቀሰው ምሳሌ የተወሰደው ከአፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ስቲቨን ዴኒንግ የሚባል የዓለም ባንክ ኃላፊ ባንኩ ዕውቀቱን ለሌሎች እንዲያካፍል ሊያሳምን ሞከረ፤ በሰንጠረዥና በሥዕላዊ መግለጫ አልሆነለትም። በኋላ አንድ አጭር ታሪክ መናገር ጀመረ። በሰኔ 1995 (እ.ኤ.አ.) በዛምቢያ ካማና በምትባል ትንሽ ከተማ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ወባ እንዴት እንደሚታከም ጥያቄ ነበረው፤ መልሱን ከአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ድረ ገጽ አገኘ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የዓለም ባንክ የለም። ያን ያህል ዕውቀት የያዘው ባንክ በታሪኩ የለም። ዴኒንግ ያደረገው ቦታውን፣ ወሩንና አንድ ሰው አስቀምጦ ክፍተቱን ለአድማጭ መተው ነው። የባለሙያውን መልክ አልሳለም፣ ስሜቱን አልተረከም። አድማጮቹ በክፍተቱ ውስጥ የራሳቸውን መሥሪያ ቤት አስገቡበት። ዝርዝር ቢበዛ ኖሮ ስለ ዛምቢያ ያስቡ ነበር።

ቁጥርስ? እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የስሞል፣ የሎወንስታይንና የስሎቪክ ጥናት ከእርዳታ ጋር የተያያዘ ነው። 5 ዶላር ከተሰጣቸው ሰዎች መካከል ሮኪያ ስለምትባል አንዲት የማሊ ልጅ ያነበቡት በአማካይ 2.38 ዶላር ሰጡ። በአፍሪካ ስላለው ረሃብ ቁጥር ብቻ ያነበቡት 1.14 ሰጡ። የልጅቷን ታሪክ ከቁጥሩ ጋር ያነበቡት ደግሞ 1.43። ቁጥሩ ሲጨመር ልጅቷ ደበዘዘች። ይህን ወደ ፋብሪካ በጀት እንዳለ መገልበጥ ስህተት ነው፤ ፋይናንስ ክፍል ያለ ቁጥር አይንቀሳቀስም፣ መንቀሳቀስም የለበትም። የሚወሰደው ትምህርት ቅደም ተከተልና ልክ ነው፦ አንድ ሰው፣ ቀጥሎ አንድ ቁጥር፣ ቀጥሎ አንድ ጥያቄ።

ሰርቪስን እንውሰድ። «የትራንስፖርት ችግር የሠራተኛውን ምርታማነት እየጎዳ ነው» የሚለው ማመልከቻ በመዝገብ ቤት ያድራል። በሌላ መልኩ ይቅረብ፦ አንዲት ኦፐሬተር ከኮዬ ፈጬ 12 ሰዓት ላይ ሰርቪስ ትሳፈራለች። ጎሮ ላይ መንገዱ ሲዘጋ 1 ሰዓት መግባት የነበረባት 1 ሰዓት ከ25 ትደርሳለች። አውቶቡሱ ውስጥ 48 ሰው አለ። 48 በ25 ደቂቃ ሲባዛ 1,200 ደቂቃ፣ ማለትም 20 የሥራ ሰዓት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ቢደጋገም 60 ሰዓት። ጥያቄው፦ መነሻው ወደ 11 ሰዓት ከ35 ለሁለት ሳምንት ለሙከራ ይምጣ። ጥያቄው ትንሽና የሚለካ መሆኑን ልብ ይሏል። እዚህ ላይ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ጠያቂው በዚያው ማመልከቻ የምግብ አዳራሹንም፣ የመጸዳጃ ቤቱንም፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያውንም ያነሳል። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል፤ አንድ ታሪክ ግን አንድ ጥያቄ ነው የሚሸከመው። ቀሪው በሌላ ቀን ይምጣ።

ማጋነን ደግሞ ሁሉንም ያፈርሳል። 14 ሸሚዝን «ወደ 50» ያለ ሰው አንድ ጊዜ ቆጥረው ከደረሱበት ቀጥሎ የሚያመጣው እውነት ሁሉ በግማሽ ይሰማል። ቁጥሩ ካልታወቀ «አልቆጠርኩም፣ ካርቶኑ ግማሽ ድረስ ሞልቷል» ማለት ይሻላል።

ሰው ለምን አድራጊውን ይደብቃል

እስካሁን የተባለው ሁሉ አንድ ነገር ካልተነሳ ውሃ አይቋጥርም። «ተደርጓል»፣ «አጋጥሟል» የሚሉት ግሦች ስንፍና ብቻ አይደሉም፤ መጠለያም ናቸው። አድራጊው ከተጠራ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊደርሰው፣ ደመወዙ ሊቆረጥ፣ ሊባረር ይችላል። እንዲህ ባለ ቤት ሠራተኛውን «ግልጽ ተናገር» ማለት ፍትሐዊ አይደለም።

የኮንክሪት ሥራ ይህን በደንብ ያሳያል። አርማታ የጫነ ሚክሰር ከቃሊቲ ተነስቶ ሳይት እስኪደርስ መንገድ ላይ ቆሞ ዘገየ እንበል። ውሃና ሲሚንቶ ከተገናኙ በኋላ አርማታው በ90 ደቂቃ ውስጥ እንዲፈስ የሚያዘው የቆየ የሙያ ልክ አልፏል፤ አርማታው ጠጥሯል፣ ፓምፑ ይቸገራል። ፎርማኑ «ውሃ ጨምርበት» አለ። ሶሌታው (የወለሉ አርማታ) ተሞላ። የማታው ሪፖርት «ሙሌቱ በተያዘለት ጊዜ ተጠናቋል» ይላል። ውሃ የተጨመረበት አርማታ ጥንካሬው እንደሚቀንስ ፎርማኑ ያውቃል። ለጥንካሬ ፍተሻ የተወሰደው የአርማታ ናሙና (ኪዩቡ) በ28ኛው ቀን ተሰብሮ ውጤቱ ሲወድቅ ግን ከሶሌታው በላይ ግድግዳ ቆሟል። በመጀመሪያው ማታ «ሁለተኛው ሚክሰር 40 ደቂቃ ዘግይቶ መጣ፣ ውሃ አስጨመርኩ፣ የሞላው ከምሥራቁ ጥግ እስከ ሁለተኛው ምሰሶ ነው» ቢባል መሐንዲሱ ያንን ክፍል ለይቶ የ7 ቀን ኪዩቡን ይከታተላል፣ ግንባታውንም ያቆየዋል። ይህን ለመናገር ግን ፎርማኑ ከሥራ እንደማይባረር ማወቅ አለበት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የአለቃው ነው። ታሪኩን ሲሰማ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማነው?» ከሆነ ሁለተኛ ታሪክ አይመጣለትም። «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ ተናጋሪው ይቀጥላል። ለጽሑፍ ደግሞ ከስም ይልቅ የሥራ መደብን መጻፍ ይቻላል፤ «የማታ መካኒክ»፣ «የፓምፕ ኦፐሬተር»። ድርጊቱ ሳይጠፋ ሰውየው ይጠበቃል። ሰው ከተጎዳ ግን ጉዳዩ ከፈቃደኝነት ያልፋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን አደጋ እንዲመዘግብና ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ለጥቂት የተረፉ አደጋዎች፣ ማለትም የወደቀ ብሎኬት ከሰው አጠገብ ሲያርፍ ያለው ዓይነት፣ ማንም ሳይጎዳ ስለሚያልፉ ሳይነገሩ ይቀራሉ። ለደህንነት ስብሰባ ግን ከእነሱ የተሻለ ታሪክ አይገኝም።

ልምምዱ

ይህን ለመማር ሦስት ቀን አዳራሽ መቀመጥ አያስፈልግም። አንድ ደብተርና በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። ሠራተኛው ከፈረቃው ውስጥ አንድ ክስተት ይመርጣል። መጀመሪያ የሚጽፈው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር፣ ጥያቄውን ነው፤ ምን እንዲደረግ እንደሚፈልግ ካላወቀ ገና የሚናገረው ታሪክ የለውም። ቀጥሎ «ግን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ከዚያ መነሻውን፣ የተደረገውን፣ የቀረውን ይሞላል። ከስድስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥ። ከዚያ «ተ» ብለው የሚጀምሩትን ግሦች ያሰምርባቸዋል፤ እያንዳንዱ ላይ «ማን?» ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዱ «ተ» ይቆያል፤ «መርፌው ተሰበረ» ማለት ትክክል ነው፣ መርፌ የሰበረ ሰው የለምና። በመጨረሻ በስልኩ ድምፁን ቀድቶ ይሰማዋል። ከአንድ ደቂቃ ካለፈ የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው ነው።

በቴሌግራም ግሩፕ የሚላክ የድምፅ መልእክትም በዚሁ ይለካል። ፎቶ ሲላክ ከሥሩ የትኛው ማሽን፣ ስንት ሰዓት፣ ምን እንደሚታይ ይጻፍ፤ መግለጫ የሌለው የዘይት ፎቶ ከሳምንት በኋላ የማን ማሽን እንደሆነ አይታወቅም።

ካይዘን የሚባለው የጃፓን የማያቋርጥ ማሻሻያ አሠራር በገባባቸው ፋብሪካዎች የጠዋት አጭር ስብሰባ አለ፤ ለልምምድ ጥሩ ቦታ ነው። በየቀኑ አንድ ሰው የትናንቱን አንድ ክስተት ይንገር፤ አንድ ሌላ ሰው መልሶ ይንገረው። መልሶ በሚነገረው ውስጥ የጠፋው ነገር የመጀመሪያው ተናጋሪ ያላጎላው ነው። ልጆች ሳለን ተረት የሚዘጋው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ ነበር፤ መመለሱም መጠየቁም በአንድ ላይ ነበሩ።

ቦሌ ለሚ ላይ፣ በዚያ የማታ 2 ሰዓት ርክክብ፣ የማታዋ ሱፐርቫይዘር ጋዋኗን እየቆለፈች «እሺ፤ ላይን 3፣ መርፌው ቀጭን ነው፣ ወፍራሙ ጨርቅ ሲገባ ይሰበራል» ብላ ትመልሳለች። ላይን 5ን አልጠቀሰችም። የቀኗ ሱፐርቫይዘር ሰርቪሱ ላይ እግሯን ከማንሳቷ በፊት ዞር ብላ ያችን አንዷን ትጨምራለች፦ «16 ቁጥሩን ከላይን 5፤ ጨርቁ ሳይገባ።»